ፊቱ የተሸፈነ ሰው ፎቶግራፍ ፖርትሬት ሊባል ይችላል?

ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የምኖር፣ ኑሮዬን በሌላ ሥራ እየመራሁ በትርፍ ጊዜዬ ፎቶግራፍ የማነሣ ሰው ነኝ። በአሁኑ ወቅት ፊታቸው በከፊል ወይም ፈጽሞ የተሸፈነ ሰዎች ብቻ የሚታዩበት አንድ የፎቶ ስብስብ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ሥራው ሲጠናቀቅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት አስባለሁ። ሐሳቡን ያገኘሁት ከቡና መጋዘኖች ነው። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ከገለባው ብናኝ ለመከላከል አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ጠቅልለው ስለሚውሉ፣ ለተመልካች የሚታዩት ዐይኖቻቸውና ጥሩውን ፍሬ ከመጥፎው የሚለዩት ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ በዘመናዊ ቀፎ የሚሠሩ ንብ አናቢዎችን ከነመረብ ባርኔጣቸው፣ የብየዳ ሠራተኞችንም ከነፊት መከላከያቸው አነሣሁ፤ ኒቃብ የሚለብሱ እህቶችንም ጠይቄ አንዳንዶቹ ለመነሣት ፈቃደኞች ሆነዋል። ከዚያም ስብስቡን ለማስፋት ከአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብር የተገዛ የእንጨት ጭምብል ለጓደኞቼ እያለበስሁ፣ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢና በከተማዋ አሮጌ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ ማንሣት ጀመርሁ።

በጭምብል የተነሡት ፎቶዎች በብርሃንም ሆነ በቅንብር ከሌሎቹ አያንሱም፤ ነገር ግን ስመለከታቸው ከጭምብሉ በቀር ሰው አይታየኝም። የቡና ለቃሚዎቹ ፊት ከግማሽ በላይ ተሸፍኖ ሳለ እያንዳንዷ ሴት ከጎረቤቷ የተለየች ሆና ትታየኛለች። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ፊት የማይታይበት ምስል ፖርትሬት (የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳይ ምስል) ሊባል የሚችለውስ ምን ሲያሟላ ነው?

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮች ያስቸግሩኛል። ካሜራዬ የሰውን ዐይን ራሱ ፈልጎ ፎከስ የሚያደርግ ዓይነት ቢሆንም፣ መረብ ወይም ጭምብል ሲገጥመው ይወናበዳል፤ ጥቁሩ ልብስ ግራጫ ሆኖ፣ ነጩ ነጠላ ደግሞ ደብዝዞ ይወጣል። በመጨረሻም የፈቃድ ጉዳይ አለ። አንድ ወዳጄ «ማን እንደሆነ ካልታወቀ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» ይለኛል፤ አነጋገሩ ቀላል ቢመስልም ልቤ አልተቀበለውም። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የሂርማታ ፎቶ ቤት

ወንድሜ፣ ከጥያቄዎችህ ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው የቴክኒኩ ስለሆነ በእርሱ ልጀምር።

በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ጥቁር ጨርቅ ፍሬሙን ሲሞላው ቦታው የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ነጭ ነጠላ ሲሞላው ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል፤ ነጠላው ያደፈ ይመስላል፣ የተነሺው ቆዳም ከልኩ በላይ ይጠቁራል። ስለዚህ ለጥቁር ልብስ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ቀንስ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም እጥፍ ማድረግ ነው)፤ ለነጭ ነጠላ በተቃራኒው አንድ ስቶፕ ያህል ጨምርና የነጠላው ጥለትና ሽመና እንዳይጠፋ በሂስቶግራሙ (በካሜራው ስክሪን ላይ የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ግራፍ) አረጋግጥ። በተለይ ጥቁር ጨርቅ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን ሲነሣ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ብርሃኑ ከጎን፣ ትንሽም ከኋላ ሲመጣ ግን የጨርቁ አወራረድ፣ የትከሻው ቅርጽና የክንዱ መታጠፍ ይወጣል። የክረምቱ ደመና ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመች ነው። ሰውየውን በረንዳ ጠርዝ ላይ ወደ ደጅ ጎኑን አዙረህ ብታቆመው ሌላ መብራት አያስፈልግህም።

ፎከሱን በተመለከተ ዐይን ፈላጊውን አጥፋና አንዷን የፎከስ ነጥብ ራስህ አስቀምጥ። መረብ ሲሆን ደግሞ በእጅህ አዙር፤ ካሜራው በመረቡና በፊቱ መካከል ሲዋልል ጊዜ ያልፍብሃል። ጭምብል ሲሆን በጭምብሉ ገጽና ከውስጥ ባለው ዐይን መካከል የጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት እንዳለ አትርሳ። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍተህ፣ ቀርበህ ስታነሣ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል፤ ቀዳዳውን አጥብበህ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ብታደርገው ሁለቱንም ታገኛለህ።

የንብ አናቢው መረብ የራሱ ጠባይ አለው። ፀሐይ ከፊት ለፊት ከመታው መረቡ ያበራና ፊቱን ይጋርደዋል። ሰውየው ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆምና መረቡ በባርኔጣው ጥላ ሥር ሲሆን፣ ከፊቱ መሬት ላይ ያነጠፍኸው ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ብርሃን ወደ አገጩ ይመልስልሃል፤ መረቡ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ገጽታው በደንብ ይለያል። እንግዲህ መረቡን ወይስ ሰውየውን እንደምትፈልግ ሳትወስን ካሜራህን አታንሣ። ብየዳውን ደግሞ በኦፕቲካል መመልከቻ ቀዳዳ ውስጥ ፈጽሞ አትመልከት፤ ለዐይንህ አደገኛ ነው። በስክሪኑ ተጠቀም።

ስለ ፊት መሸፈን አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገሩ ለፎቶ ቤት እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ፎቶ ቤቶች ሕፃን ልጅ ሲነሣ እናቱ በጨርቅ ተሸፍና ወንበር መስላ ከኋላው ትቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ በሆነው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ አንድ ፎቶ ለማንሣት ብዙውን ጊዜ ሴኮንዶች ይፈጅ ስለነበር ሕፃኑ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ለቤተሰቡ የሚፈለገው ግን የልጁ ፎቶ ብቻ ነው። እነዚያን ፎቶዎች ዛሬ ስናይ መጀመሪያ ዐይናችንን የሚይዘው ያች የተሸፈነች እናት ናት። እጇ ከጨርቁ ሥር ወጥቶ ልጁን ሲይዝ ይታያል፤ ጉልበቷ፣ የትከሻዋ ቁመት ይታወቃል። ፊት ሲሸፈን ተመልካች ሰው መፈለጉን አይተውም፤ ያገኘውን የሰውነት ክፍል ሁሉ እንደ ፊት ያነባል። ስለዚህ ጓደኞችህ ጭምብሉን ለብሰው እጃቸውን ወደ ጎን ጥለው ቀጥ ብለው ከቆሙ ለተመልካቹ የሚነበብ ነገር አልተውህለትም ማለት ነው።

የጃፓን የኖ ቲያትር ተዋናዮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የእንጨቱ ጭምብል አንድ ሆኖ ሳለ ተዋናዩ ትንሽ ቀና ሲያደርገው ብርሃን ያገኘውና የፈካ ይመስላል፤ ጎንበስ ሲያደርገው ጥላ ያጠላበትና ያዘነ ይመስላል። የአንገቱን ማዘንበል በጥቂት በጥቂቱ እየለወጥህ አንሣና ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ተመልከታቸው።

ነጭ ግድግዳ

የተከበሩ ጠያቂ፣ እኔ ሥዕል የማስተምር ሰው ስለሆንሁ ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ።

ሻሹን ያሰረችው ሴትየዋ ራሷ ናት። አንዷ ከጆሮዋ በላይ ታጠብቀዋለች፣ ሌላዋ አገጯ ሥር ትቋጥረዋለች፣ ሦስተኛዋ ከምርጥ ሻሿ ላይ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ትደርባለች። መሸፈኛው የተመረጠው፣ የታሰረውና ያደፈው በእርሷ ሕይወት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ፊቷን ቢሸፍንም ስለ እርሷ ይናገራል። የእንጨቱን ጭምብል ግን የመረጡት እርስዎ፣ ያስቀመጡትም እርስዎ ነዎት፤ ጓደኛዎ ያዋጣው ነገር ቢኖር ቁመቱን ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት በፎቶዎቹ ውስጥ ሰው ያልታየዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስል ከመደብር የተገዛ ጭምብል አይሠራም ማለቴ አይደለም። በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ከተማ የመነጽር ባለሙያ የነበረው አሜሪካዊው ራልፍ ዩጂን ሚትያርድ (1925–1972 እ.ኤ.አ.) በርካሽ መደብር የተገዙ የጎማ ጭምብሎችን ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ለወዳጆቹ እያለበሰ ብዙ ፎቶዎችን አንሥቷል። በመጨረሻው ሥራው ሚስቱ አስቀያሚ የአሮጊት ጭምብል ለብሳ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ማለት ይቻላል ትታያለች፤ ከአጠገቧ የሚቆመው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፊትን የሚያስረጅ ስስ ጭምብል ይለብሳል። ሰዎቹ የሚቆሙት በጓሮአቸው፣ በደጃቸው፣ በመኪናቸው አጠገብ፣ ልክ ለቤተሰብ አልበም እንደሚነሣ ሰው ነው። ፊቶቹ ሁሉ አንድ ስለሆኑ ተመልካቹ ወደ ሌላው ነገር ለማተኮር ይገደዳል፤ ማን ወደ ማን እንደተጠጋ፣ ማን እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ የትኛው ልጅ መነሣት እንደሰለቸው ይታወቃል። ጭምብሉ እዚህ የሠራው ሥራ ሰውን ምሥጢራዊ ማድረግ አይደለም፤ ፊትን ከፉክክሩ አስወጥቶ ለአቋቋም ቦታ መልቀቅ ነው። ይህ ሊሆን የቻለውም ጭምብሉ እየተደጋገመ በመምጣቱና ቦታው የሰዎቹ የራሳቸው በመሆኑ ነው። እርስዎም ጓደኞችዎን ከቤተ መንግሥቱ አውጥተው በየቤታቸው ደጃፍ፣ በየሥራ ቦታቸው ቢያነሧቸው ለውጡን ያዩታል።

ሌላው የሚጠቅምዎ ምሳሌ አንጎላዊው ኤድሰን ቻጋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበው ሥራ ሰዎቹ ዘመናዊ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸው ላይ ባህላዊ የአፍሪካ ጭምብል አድርገው፣ በእኛ አነጋገር «ጉርድ ፎቶ» በምንለው አኳኋን ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት ይታያሉ። የጉርድ ፎቶ ዋና ዓላማ ባለቤቱን መለየት ሆኖ ሳለ ፊቱ ተሸፍኗል፤ የሥራው ጉልበት ያለው በዚህ ቅራኔ ውስጥ ነው። ከእኛው አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ጭምብል ሳትጠቀም የሴቶቹን ፊት በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ሸፍና ታነሣለች። ቀለሙ የግለሰቧን ማንነት ወደ ኋላ ገፍቶ ሴቲቱን ለአንድ ሐሳብ ቋሚ ምልክት ያደርጋታል፤ ስለዚህ እነዚያን ሥራዎች ስናይ ሴትየዋ ማን ናት ብለን አንጠይቅም። በመሆኑም ሁሉም የተሸፈነ ፊት ፖርትሬት መሆን እንደማይጠበቅበት ልብ ይበሉ። ሐሳብን የሚገልጽ ፎቶና ሰውን የሚያሳይ ፎቶ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ግን አንዱ ሌላውን ያደናግረዋል፤ የእርስዎ ስብስብ አሁን ያለበት ሁኔታ ይህ ይመስለኛል።

ስለ ቤተ መንግሥቱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩ መሆናቸውን፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤትም የእርሳቸው መሆኑን ጎብኚ ሁሉ ያውቃል። የእንጨት ጭምብል የለበሰ ሰው በዚያ ደጃፍ ላይ ሲቆም ያየ እንግዳ ጭምብሉን የጅማ ባህል አድርጎ ይወስደዋል። የጅማ እንጨት ሠራተኞች የሚታወቁት ከአንድ ግንድ በሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማና በወንበር ሥራቸው ነው፤ ያልሠሩትን በስማቸው ማስመዝገብ አይገባም።

አንድ ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ አንድ ዐይናቸው ብቻ እየታየ በጎን የመሣል ልማድ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚህ ሥዕል ያደገ ተመልካች አንድ ዐይኑ የተጋረደ ሰው ፎቶ ሲያይ፣ ፎቶ አንሺው ያላሰበውን ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ይህን መጠቀምም መሸሽም ይቻላል፤ ሳያውቁ መግባት ግን ጥሩ አይደለም።

አዌቱ ዳር

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ግን ልቃወም። ፊትን መሸፈን አሁን አሁን የሰነፍ ፎቶ አንሺ መሸሸጊያ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ከሰው ፊት ላይ እውነተኛ ገጽታ ለማግኘት ጊዜ፣ ትዕግሥትና መግባባት ያስፈልጋል፤ ይህን ያልቻለ ሰው ጨርቅ ይጥልበትና ሥራውን «ጥልቅ» ይለዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ ሁላችንም ፊታችንን በማስክ ሸፍነን ከረምን። በዚያን ጊዜ የተነሡትን ፎቶዎች እስቲ መለስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አብዛኞቹ ምንም ምሥጢር የላቸውም፣ አንዱን ከሌላው መለየትም ያዳግታል። መሸፈኛ በራሱ ለፎቶ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ኖሮ ያ ዓመት የፖርትሬት ወርቃማ ዘመን በሆነ ነበር።

ለጠያቂው የምመክረው፣ እያንዳንዱን ሰው ከተቻለ ፊቱን ገልጦም እንዲያነሣው ነው። የተገለጠው ፎቶ ከተሸፈነው የበለጠ የሚናገር ከሆነ የተሸፈነውን ይተወው።

ከግንጆ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ኒቃብ የምለብስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆንሁ ከካሜራው ፊት ለፊት ካለው ሰው ወገን ሆኜ ልናገር።

በመጀመሪያ ለአዌቱ ዳር፦ ወንድሜ፣ ምክርዎ ለቡና ለቃሚዋ ወይም ለብየዳ ሠራተኛው ሊሠራ ይችላል፤ ለእኔ ግን አይሠራም። «ገልጠሽ አንድ ጊዜ ልሞክር» የሚል ፎቶ አንሺ፣ ፎቶውን ለማንም ባያሳይ እንኳ፣ ከእኔ ጋር ያለው ሥራ ያኔውኑ አብቅቷል። ነገሩ ታሪክም ስላለው ጠያቂው ቢያውቀው እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአልጄሪያ ጦርነት ጊዜ ማርክ ጋራንዤ የተባለ ፈረንሳዊ ወታደር ለመታወቂያ ወረቀት የሚሆኑ ፎቶዎችን እንዲያነሣ በአለቆቹ ታዝዞ፣ በዐሥር ቀናት ውስጥ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑትን፣ አነሣ። ሴቶቹ መሸፈኛቸውን እንዲያወልቁ ተገደዋል። ፎቶዎቹ ዛሬ የሚታወቁት የሴቶቹ አመለካከት በሚያሳየው ቁጣ ነው። እነዚያ ፎቶዎች ፊት የሞላባቸው ናቸው፤ ከሴቶቹ ፈቃድ ግን አንዳች የለባቸውም። ስለዚህ የተገለጠ ፊት ሁልጊዜ ከተሸፈነው የበለጠ እውነት ይናገራል የሚለውን አልቀበልም።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ ኒቃብ የለበሰችን ሴት ለማንሣት የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ቀርቦ ዐይኗን፣ ኩል ካለበት ደግሞ ይበልጥ ቀርቦ ዐይኗን ብቻ ያነሣል። እንዲህ ያለውን ፎቶ አይተን ጠግበናል። እኔን የሚያውቁኝ ጓደኞቼ ከሩቅ የሚለዩኝ በዐይኔ አይደለም፤ በአረማመዴ፣ በቦርሳዬ፣ ደብተሬን በምይዝበት ሁኔታ፣ ስስቅ ትከሻዬ በሚንቀጠቀጥበት መንገድ ነው። ስለዚህ ራቅ ይበሉና ሙሉ ቁመቴን፣ የቆምሁበትን ቦታ፣ የያዝሁትን ነገር አብረው ያንሡ። ለፎቶው ብዬ የማልሠራውን ሥራ አያሠሩኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሆንሁ እዚያው፣ ከእህቴ ጋር ገበያ ከሆንሁ እዚያው ይሁን። ስናወራ ያንሡኝ፤ ዝም ብዬ ወደ ሌንሱ እንዳፈጥ ሲደረግ መሸፈኛዬ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶውን መነሣቴን ስፈቅድ በግድግዳ ላይ መሰቀሉን ፈቅጄ ይሆናል፤ በፌስቡክና በቴሌግራም መሰራጨቱን ግን አልፈቀድሁ ይሆናል። እነዚህን ለየብቻ ይጠይቁ። ከመሰቀሉ በፊት የተመረጠውን ፎቶ እንድናየው ቢያደርጉ፣ «ይህኛው ይቅር» ያልነውንም ቢያስቀሩልን፣ ሌሎች እህቶችም በራሳቸው ፈቃድ ይመጣሉ።

የሕግ ነገር

በፈቃድ ጉዳይ ላይ በአጭሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ እነዚህም የሰውየው ታዋቂነት ወይም የያዘው የሕዝብ ሥራ፣ የፍትሕና የፖሊስ ጉዳይ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተፈጸሙ ነገሮች ጋር የተያያዙ ናቸው። ከጠያቂው ፎቶዎች አንዳንዶቹ የባህል ጥቅም አላቸው ተብሎ ሊከራከር ይቻላል፤ ሆኖም በክርክር ላይ የቆመ ፈቃድ በእጅ ያለን ፈቃድ አይተካም።

የወዳጅዎ ሐሳብ ደካማ የሚሆነው «አይታወቅም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ፊት ባይታይም ሰውን ጎረቤቱ፣ አሠሪውና ቤተሰቡ በልብሱ፣ በእጁ ጠባሳ፣ በቆመበት መጋዘን ሊያውቁት ይችላሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መታወቁ ሊጎዳው የሚችለው በእነዚሁ ሰዎች ዘንድ ነው። የቡና ለቃሚዋ ፎቶ የአሠሪዋን ግቢ የሚያሳይ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይንገሯት። መታወቅ የማይፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ፊቱን ገልጦ አንሥቶ በኋላ በኮምፒውተር ከማደብዘዝ ይልቅ ሲነሣ ጀምሮ መሸፈን ይሻላል፤ በመጀመሪያው መንገድ ያልተደበዘዘው ፋይል በእጅዎ ይቀራልና። በስልክ የሚነሡ ፎቶዎች የተነሡበትን ቦታ በውስጣቸው ሊመዘግቡ ስለሚችሉ ፋይሉን ለሌላ ከመስጠትዎ በፊት ያንን መረጃ ያጥፉት። የፈቃዱ ወረቀት ተነሺው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ምስክር ባለበት ይነበብለት።

ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጋሼ የሂርማታ ፎቶ ቤት፣ የነገሩኝን ሞክሬ የጥቁሩ ልብስ እጥፋት በደንብ መውጣቱን አይቻለሁ፤ የመረቡን ግን ፀሐይ እስክትወጣ እየጠበቅሁ ነው። እህቴ ከግንጆ፣ ስለ ዐይን የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ከመረጥኋቸው ፎቶዎች መካከል ዐይን ብቻ የሚያሳዩትን ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ እህቶቹንም ለየብቻው ጠይቄያቸው አንዷ በግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ፈቅዳ በኢንተርኔት እንዳይወጣ ነግራኛለች። በጅሬን የተነሡትን የጭምብል ፎቶዎች ከስብስቡ አውጥቻለሁ። ጭምብሉን ግን ሙሉ በሙሉ ለመተው ገና አልወሰንሁም፤ እንደ ሚትያርድ በየሰዉ ደጃፍ እየተደጋገመ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ፤ ምናልባትም ለብቻው ሌላ ስብስብ ይወጣው ይሆናል።

የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ከየፎቶው ሥር ምን ልጻፍ? ስም ብጽፍ መሸፈኑ ትርጉም ያጣል፤ «ቡና ለቃሚ» ብቻ ብዬ ብተው ደግሞ ሰዎቹን በሥራቸው ብቻ የጠራኋቸው ይመስለኛል።

ነጭ ግድግዳ

ሁለቱንም በአንድ ደንብ አይፍቱት፤ ተነሺዎቹ ይወስኑ። ስሟ እንዲጻፍ የምትፈልግ ቡና ለቃሚ ትኖራለች፤ እንዲያውም ፊቷ በሥራው ምክንያት የተሸፈነባት ሴት ስሟን ማስጻፍ ልትመርጥ ትችላለች፤ የእርሷ መሸፈኛ ከአቧራ እንጂ ከሰው ለመሰወር አይደለምና። ስሙ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ደግሞ ራሱ የመረጠውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉለት፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ዕለቱ፣ ስለ ፈለገው ነገር። በዚህ መንገድ ከየፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ እኩል ላይሆን ይችላል፤ ይህ አያስጨንቅዎ።

የሂርማታ ፎቶ ቤት

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለማተሚያው ብቻ አንድ ነገር ልበል። ጥቁር ልብስ የበዛባቸውን ፎቶዎች በሚያብለጨልጭ ወረቀት አታሳትማቸው፤ የአዳራሹ መብራት ጥቁሩ ላይ ያርፍና ያወጣኸውን እጥፋት ሁሉ ይሸፍንብሃል። ማት ወረቀት ምረጥ፤ ጥቁሩ በማት ወረቀት ላይ ትንሽ ስለሚገረጣ ሁሉንም ከማሳተምህ በፊት አንዱን በትንሽ መጠን አሳትመህ ፎቶዎቹ በሚሰቀሉበት ክፍል መብራት ሥር እየው። መስተዋት ያለው ፍሬም ከሆነ ደግሞ ከመስኮት ትይዩ አትስቀለው፤ ተመልካቹ የሚያየው የራሱን ፊት ይሆናል።